በሌላ ሰው እጅ ያለ መዝገብ

ስለ አንድ ሰው ገንዘብ ከተጻፈው መዝገብ አብዛኛው በባለቤቱ እጅ አይገኝም። ደመወዙን የሚመዘግበው አሠሪው፣ ተቀማጩን የሚመዘግበው ባንኩ፣ ዕዳውንና የአከፋፈል ጠባዩን የሚመዘግበው አበዳሪው ነው። ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የአንድን ሰው እውነተኛ ገቢ ለማወቅ በተነሣ ጊዜ ባለቤቱን ብቻ ጠይቆ የማይረካውም በዚህ ምክንያት ነው። ግብር ከፋዩ ገቢዬ አነስተኛ ነው ብሎ ያስታወቀ እንደሆነና የብድር መዝገቡ ግን ከፍ ያለ የቤትና የመኪና ዕዳ በየወሩ ሳያዛንፍ የሚከፍል መሆኑን ያመለከተ እንደሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ጥያቄ ያስነሣል።

ነገር ግን ሌላም ጥያቄ አለ። አንድ ሰው ብድር ለማግኘት ሲል ስለ ኑሮው ለባንክ የሰጠው ቃል ለግብር ምርመራ የሚውል ከሆነ፣ ይህ መደረጉን አስቀድሞ የማወቅ መብት አለውን? መዝገቡ በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ ብቻ ባለ ጉዳዩ በነገሩ አያገባውም ይባላልን? በዚህ ጥያቄ ላይ ረዥም ክርክር ከተደረገባቸውና ክርክሩም በሕግና በፍርድ ተመዝግቦ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ዩናይትድ ስቴትስ ናት። ከኢትዮጵያ ወጥተው በዚያ የሚኖሩ ወገኖችም ቤት ለመግዛት ብድር በጠየቁ ጊዜ የሚገቡት በዚሁ የመዝገብ ሥርዓት ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብድር መዝገብ ጥንተ ታሪክ ከመንግሥት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ1837 በአሜሪካ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ደርሶ ብዙ ነጋዴዎች ከከሰሩ በኋላ፣ ሉዊስ ታፓን የተባለ የኒው ዮርክ የሐር ነጋዴ በ1841 መርካንታይል ኤጀንሲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ ተግባር በየከተማው ካሉ ወኪሎች ስለ ነጋዴዎች ሀብት፣ ጠባይና ታማኝነት ወሬ እየሰበሰበ ሸቀጥ በዱቤ ለሚሸጡ ሰዎች በክፍያ መስጠት ነበር። ከወኪሎቹም መካከል ብዙዎቹ የየአካባቢው ጠበቆች ነበሩ። በ1899 ደግሞ የዉልፎርድ ወንድማማቾች በአትላንታ ከተማ ሪቴይል ክሬዲት የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ይህ ኩባንያ ከነጋዴዎች አልፎ ስለ ተራው ሸማች መረጃ ማከማቸት ጀመረ። በኋላ ጊዜ ለመድን ድርጅቶች በሚያዘጋጀው ዘገባ ውስጥ ሰውየው መጠጥ ያዘወትር እንደሆነ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ትዳሩም ምን ዐይነት እንደሆነ ሳይቀር ይጻፍ ነበር። ኩባንያው በ1975 ስሙን ለውጦ ኢኩዊፋክስ ተባለ።

እንዲህ ያለው ፋይል ለማን ሊሰጥ እንደሚችልና ለማን ሊከለከል እንደሚገባ የሚወስን የፌዴራል ሕግ እስከ 1970 ድረስ አልነበረም። ባለ ፋይሉ ፋይል እንዳለው እንኳ ሳያውቅ ይኖር ነበር። የኮምፒዩተር መምጣት በየከተማው ተበታትኖ የነበረውን ካርድና ወረቀት ወደ አንድ ቋት ለመሰብሰብ መቻሉ በታወቀ ጊዜ ሥጋቱ በረታ። በ1968 የኒው ጀርሲው እንደራሴ ኮርኔሊየስ ጋላገር በጉዳዩ ላይ በኮንግሬስ ምስክርነት እንዲሰማ አደረጉ። የዊስኮንሲኑ ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየርም የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ከዚህ በኋላ ሚዛናዊ የብድር መረጃ አዋጅ ሊባል የሚችለው ሕግ በኦክቶበር 1970 ጸደቀ።

ይህ ሕግ የብድር ዘገባ ሊሰጥ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ለይቶ ዘረዘረ። ለብድር፣ ለሥራ ቅጥር፣ ለመድንና እነዚህን ለመሰለ የንግድ ጉዳይ፣ ወይም በባለ ጉዳዩ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቀደ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ሳይኖራቸው ሊሰጣቸው የሚችለው የሰውየው ስም፣ የአሁንና የቀድሞ አድራሻው፣ የሚሠራበትና ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ቦታ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። የግብር ምርመራ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች መካከል አልተጠቀሰም። ስለዚህ በሕጉ ፊደል የግብር መርማሪ የሰውየውን ሙሉ የብድር ዘገባ ለማየት ከፈለገ በፍርድ ቤት በር ማለፍ ነበረበት።

በሌላ በኩል ግን የግብር መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ሕግ የቀደመ ብርቱ መሣሪያ በእጁ ነበረው፤ ይኸውም መጥሪያ ነው። የ1954 የግብር ሕግ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች፣ ግብር ከፋዩንም ሆነ ስለ እርሱ መዝገብ የያዘን ማንኛውንም ሰው በመጥሪያ የማስቀረብ ሥልጣን ሰጥቶአል። መጥሪያውን የሚጽፈው ዳኛ ሳይሆን መርማሪው ራሱ ነው። የተጠራው ወገን እምቢ ያለ እንደሆነ ብቻ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 በፓውል ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ መሥሪያ ቤቱ መጥሪያውን ለማስፈጸም ወንጀል ስለ መፈጸሙ በቂ ጥርጣሬ ማሳየት እንደማያስፈልገው አስታወቀ። ምርመራው ሕጋዊ ዓላማ ካለው፣ የተፈለገው መዝገብ ለዚያ ዓላማ የሚጠቅም ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ካልያዘውና የአሠራሩን ሥርዓት ከጠበቀ ይበቃል ተባለ።

ይህ ሥልጣን በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ በየአቅጣጫው ተፈተነ። የመጀመሪያው ፈተና የሂሳብ ባለሙያዎችን የሚነካ ነበር። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት የንግድ መዝገቦቻቸውን ለብዙ ዓመታት ለሂሳብ ሠራተኛቸው ሲሰጡ ኖረው፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ መጥሪያውን ለሂሳብ ሠራተኛው ላከ። ባለቤቲቱ በራሴ ላይ እንድመሰክር መገደድ የለብኝም ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ክርክራቸውን አልተቀበለውም፤ ወረቀቱ ከእጃቸው ወጥቶ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ የተገደደው ያ ሌላው ሰው እንጂ እርሳቸው አይደሉም አለ። የሂሳብ ባለሙያውና የደንበኛው ግንኙነትም እንደ ጠበቃና ደንበኛ ግንኙነት በፌዴራል ሕግ የተከበረ ምስጢር የለውም ተባለ።

ሁለተኛው ፈተና በኬንታኪ ግዛት በሚድልስቦሮ ከተማ ካለ አንድ ባንክ የመጣ ነው። ባንኩ በ1970 መጨረሻ ላይ እያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር የሆኑ ሁለት ተቀማጮችን ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ አስተላለፈ። ገንዘቡ ሁሉ ባለ 100 ዶላር ኖት ሲሆን ከማርጀቱ የተነሣ ለረዥም ጊዜ ተደብቆ እንደኖረ ያስጠረጥር ነበር። የግብር መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ማን እንዳስገባ ስለማያውቅ፣ የሰውየው ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ያልታወቀ ሰው ብሎ መጥሪያውን ለባንኩ ሰጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ይህንንም ፈቀደ። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገውን ሰው ሳያውቅ እንኳ የሌሎችን መዝገብ አገላብጦ ሊፈልገው እንደሚችል ተረጋገጠ።

ሦስተኛውና ዋናው የሚለር ጉዳይ ነው። በጃንዋሪ 1973 በጆርጂያ ግዛት ካትሊን በተባለች ስፍራ አንድ መጋዘን በእሳት ተያያዘ። እሳት አጥፊዎች በውስጡ 7,500 ጋሎን የሚይዝ የአረቄ ማውጫና ግብር ያልተከፈለበት 175 ጋሎን ዊስኪ አገኙ። የመጋዘኑ ተከራይ ሚለር ይባላል። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ የግምጃ ቤት መርማሪዎች ክስ ለመመሥረት በቂ ምክንያት መኖሩን በሚመረምረው የዜጎች ሸንጎ ስም የተዘጋጀ ትእዛዝ ይዘው ወደ ሁለት ባንኮች ሄዱ። ባንኮቹም የሰውየውን ቼኮች፣ የገቢ ደረሰኞችና ወርኃዊ የሂሳብ መግለጫዎች አሳዩአቸው፤ ለደንበኛቸው ግን አልነገሩትም። ሚለር በዊስኪ ላይ የሚከፈለውን ግብር በማጭበርበርና በተያያዙ ወንጀሎች ሲከሰስ ማስረጃው ሕገ መንግሥቱን በመጣስ የተገኘ ነው ብሎ ተከራከረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 1976 በሰባት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ ፈረደበት። የፍርዱ መሠረት ግልጽ ነበር፤ መዝገቦቹ የባንኩ የንግድ መዝገቦች እንጂ የሚለር የግል ወረቀቶች አይደሉም፤ ጉዳዩን ለሌላ ሰው የገለጠ ሰው ያ ሰው ለመንግሥት ሊያስተላልፍበት እንደሚችል አስቀድሞ ተቀብሎታል የሚል ነው። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ የሆኑት ዊልያም ብሬናን ግን፣ በዚህ ዘመን ያለ ባንክ መኖር ስለማይቻል ለባንክ የሚሰጠው መረጃ በእውነት በፈቃድ የተሰጠ ነው ለማለት አይቻልም የሚለውን አሳብ አጸኑ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የግል መረጃን በሚመለከት የሚነሣ ክርክር ሁሉ በእነዚህ ሁለት አሳቦች መካከል የሚመላለስ ሆኖአል።

ፍርድ ቤቱ በሩን በዘጋበት በዚያው ዓመት ኮንግሬስ ሌላ በር ከፈተ። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። በሴፕቴምበር 1972 የፕሬዚዳንት ኒክሰን የሕግ አማካሪ ጆን ዲን የፖለቲካ ተቃዋሚዎች ስም ዝርዝር ይዘው ለግብር መሥሪያ ቤቱ ኮሚሽነር ጆኒ ዎልተርስ በመስጠት ምርመራ እንዲደረግባቸው ጠይቀው ነበር። ኮሚሽነሩ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ከጆርጅ ሹልዝ ጋር ተማክረው ሳይፈጽሙት ቀሩ። ነገሩ በዎተርጌት ምርመራ ጊዜ ሲገለጥ ግን የግብር ሥልጣን ለበቀል ሊውል እንደሚችል ሕዝብ ሁሉ ተረዳ። በጁላይ 1974 የእንደራሴዎች ምክር ቤት የሕግ ኮሚቴ ካጸደቃቸው በፕሬዚዳንቱ ላይ የቀረቡ ክሶች በአንደኛው ውስጥ ይኸው ጉዳይ ተጠቅሶ ይገኛል።

በኦክቶበር 1976 ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት የግብር ማሻሻያ ሕግ ሁለት ነገሮችን ሠራ። አንደኛ፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ እጅ ያለው የግብር ማስታወቂያ ምስጢር እንዲሆንና ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚሰጠው በሕግ በተወሰነ ምክንያት ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ሁለተኛ፣ ክፍል 7609 በተባለው አንቀጽ መሥሪያ ቤቱ ስለ አንድ ግብር ከፋይ መዝገብ ለመጠየቅ ለሦስተኛ ወገን መጥሪያ የሰጠ እንደሆነ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ መዝገቡ ከሚመረመርበት ቀንም ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ፣ ለግብር ከፋዩ ማስታወቂያ እንዲሰጥ አስገደደ። ይህ የሚመለከታቸው ሦስተኛ ወገኖች በዝርዝር ተጽፈዋል፤ ባንኮች፣ የብድር መረጃ ድርጅቶች፣ በክሬዲት ካርድ የሚያበድሩ፣ የአክሲዮን ደላሎች፣ ጠበቆችና የሂሳብ ባለሙያዎች ናቸው። ግብር ከፋዩ መዝገብ ያዡ እንዳይሰጥ በጽሑፍ ካስታወቀ ነገሩ ባለበት ይቆማል፤ መሥሪያ ቤቱም ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ለምን እንደሚያስፈልገው ማስረዳት አለበት። ስሙ ያልታወቀ ሰውን ለመፈለግ የሚወጣ መጥሪያም አስቀድሞ የዳኛ ፈቃድ እንዲያገኝ ተወሰነ።

የዚህ ሕግ ትርጉም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ኮንግሬስ መዝገቡ የግብር ከፋዩ ነው አላለም፤ መሥሪያ ቤቱም እንዳያየው አልከለከለም። የሰጠው መብት አስቀድሞ የማወቅና ዳኛ ፊት የመቆም መብት ነው። ከ1976 ወዲህ የግብር ከፋዩ መከላከያ በዚህ ማስታወቂያ ላይ የቆመ ሆነ፤ የብድር ዘገባን የሚመለከተው ሕግም በዚሁ መንገድ ተተረጎመ። የ1970ው ሕግ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ የግብር መጥሪያ ደግሞ ዳኛ የፈረመበት አይደለም። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1990 ባወጣው ማብራሪያ፣ ዳኛ ያልፈረመበት ትእዛዝ በአጠቃላይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ተብሎ እንደማይቈጠር ገልጦ፣ የግብር መጥሪያን ግን ከዚህ ለይቶ አየው። ለዚህም የሰጠው ምክንያት በክፍል 7609 መሠረት ግብር ከፋዩ በጊዜው አለመቃወሙ በጽሑፍ ከተረጋገጠ፣ የብድር መረጃ ድርጅቱ ዘገባውን የመስጠት ግዴታ አለበት የሚል ነው። ማስታወቂያው የዳኛውን ፊርማ ተካ ማለት ነው።

በ1978 የወጣው የፋይናንስ ምስጢር ሕግ የሚለርን ፍርድ ለማለዘብ የታሰበ ነበር። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የባንክ መዝገብ ሲጠይቁ ለደንበኛው እንዲያስታውቁ አዘዘ። ነገር ግን በግብር ሕጉ ሥርዓት የሚደረገውን ጥያቄ ከዚህ ነጻ አደረገው። ስለዚህ የግብር ከፋዩ ጋሻ ያው ክፍል 7609 ብቻ ሆኖ ቀረ።

ያም ጋሻ ብዙ ሳይቈይ ሳሳ። መሥሪያ ቤቱ፣ ብዙ ሰዎች ያለ በቂ ምክንያት በአንድ ደብዳቤ ብቻ ምርመራን ያዘገያሉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስም ቀርበው አይከራከሩም ሲል ያቀረበው አቤቱታ ሐሰት አልነበረም። ግብር አንከፍልም የሚሉ ቡድኖች በዚህ መንገድ ይጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ በ1982 የወጣው ሕግ ሸክሙን ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አይበቃም፤ ግብር ከፋዩ ራሱ በ20 ቀን ውስጥ በፌዴራል የአውራጃ ፍርድ ቤት መጥሪያው እንዲሻር አቤቱታ ማቅረብ አለበት። በ1976 ከሳሽ ሆኖ መምጣት የነበረበት መንግሥት ነበር፤ ከ1982 ወዲህ ግን ወደ ፍርድ ቤት የመሄዱ ወጪና ድካም በግብር ከፋዩ ላይ ወደቀ። ሀብታሙ ጠበቃ ያቆማል። ድኻው ግን ማስታወቂያው ደርሶትም በአብዛኛው ዝም ከማለት በቀር ምርጫ የለውም።

ከዚህ በኋላ የመብቱ ታሪክ ደረጃ በደረጃ ሄደ። የግብር ከፋዮች መብት የተባለው የመጀመሪያ ሕግ በ1988፣ ሁለተኛው በ1996 ወጣ። በ1997 በሴናተር ዊልያም ሮት ሊቀ መንበርነት የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ የግብር ከፋዮችን አቤቱታ በይፋ ከሰማ በኋላ፣ በጁላይ 1998 ሰፊ የማሻሻያ ሕግ ተፈረመ። ይህ ሕግ የማስታወቂያውን ግዴታ ከባንክና ከብድር መረጃ ድርጅት አልፎ መጥሪያ ወደሚደርሰው ሦስተኛ ወገን ሁሉ አሰፋው። ከዚህም ሌላ፣ ያልታወቀ ገቢ ስለመኖሩ ተገቢ ምልክት ሳይኖር የሰውን አኗኗርና ወጪ መነሻ በማድረግ ምርመራ እንዳይካሄድ ከለከለ። ሰውየው ቤት ገዝቶአልና እንፈትሸው ማለት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ለግብር ባለሙያዎችም ወንጀል ባልሆነ የግብር ጉዳይ ለሚሰጡት ምክር የተወሰነ ምስጢር ፈቀደ፤ በ1973ቱ ፍርድ የሂሳብ ባለሙያው ያጣው ነገር በከፊል ተመለሰለት።

በሁለቱ መዝገቦች መካከል የነበረው ግንኙነት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አልነበረም። ያልተከፈለ ግብር ሲኖር መሥሪያ ቤቱ በሰውየው ንብረት ላይ የመያዣ መብት እንዳለው በይፋ ሲያስመዘግብ፣ የብድር መረጃ ድርጅቶች ይህን ወስደው በፋይሉ ላይ ይጽፉት ነበር፤ ሰውየውም ብድር ለማግኘት ይቸገር ነበር። በስምና በአድራሻ መመሳሰል ያልተበደረ ሰው ተበዳሪ የሚባልበት ጊዜ ስለነበረ፣ ሦስቱ ታላላቅ ድርጅቶች በኤፕሪል 2018 የግብር መያዣን ከዘገባዎቻቸው ፈጽመው አወጡት። ከዚያ በፊት በ2017 ደግሞ የኢኩዊፋክስ መዝገብ ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተዘርፎ ነበር። የግብር መሥሪያ ቤቱ የግብር ከፋዮችን ማንነት ለማረጋገጥ ከዚሁ ኩባንያ ጋር የገባው የ7.25 ሚሊዮን ዶላር ውል በኦክቶበር 2017 የታገደው ሕዝቡ ከተቈጣ በኋላ ነው።

ባለፉት ዓመታት የታየውም የድሮው ክርክር ተከታይ ነው። በ2016 የግብር መሥሪያ ቤቱ ኮይንቤዝ በተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ ላይ ስም ያልተጠቀሰበት መጥሪያ ለማውጣት የዳኛ ፈቃድ አገኘ። ፍርድ ቤቱ በ2017 መጥሪያው በጠበበ መልኩ እንዲፈጸም ሲያዝ ከ14,000 በላይ ሰዎችን የሚመለከት ሆነ። በኬንታኪ በሁለት የገንዘብ እሽጎች የተጀመረው ነገር እዚህ ደረሰ። በ2019 የወጣው ሕግ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ወገንን ከማነጋገሩ 45 ቀን በፊት ለግብር ከፋዩ እንዲያስታውቅ አዘዘ፤ ቀደም ሲል ለሁሉም የሚላክ አጠቃላይ መጽሔት ብቻ ይበቃል ሲባል ቈይቶ ነበር። በሜይ 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፖልሴሊ ጉዳይ፣ የተወሰነ ግብርን ለማስከፈል የሚወጣ መጥሪያ ከማስታወቂያ ግዴታ ነጻ እንደሆነ በአንድ ድምፅ ፈረደ። መዝገቡ የባለ ዕዳው ራሱ ባይሆንና የሚስቱ ወይም የጠበቃው ሂሳብ ቢሆን እንኳ ማስታወቂያ አያስፈልግም ተባለ። በፍርዱ ተስማምተው የራሳቸውን አሳብ የጨመሩት ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን፣ ማስታወቂያ የሕጉ መሠረት መሆኑንና መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ነጻ የሚሆንበት መንገድ ያለ ገደብ ሊሰፋ እንደማይገባው አሳሰቡ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት በአንድ ወገን ብቻ የሚነገር አይደለም። ገቢውን የደበቀ ሰው የሚጎዳው መንግሥትን ብቻ አይደለም፤ የእርሱን ድርሻ የሚሸከመው በደመወዙ ላይ ግብር የሚቈረጥበት ሠራተኛ ነው። ያለ ሦስተኛ ወገን መዝገብ ግብርን በትክክል ማስከፈል አይቻልም። ነገር ግን መርማሪው ሳይታይ የሚመረምር ከሆነ ስሕተቱን የሚያርመው፣ በደሉንም የሚገታው አይኖርም። የብድር መዝገብ ስሕተት እንደማያጣው የታወቀ ነው፤ ስሕተቱን ፈጥኖ ሊያውቅ የሚችለው ባለ ጉዳዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ለግብር ከፋዩ የሚደረግ ቸርነት ሆኖ ሊታይ አይገባውም፤ ለምርመራው እውነተኛነትም ያገለግላል።

ለሂሳብና ለሕግ ባለሙያ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበዋል። በ1976ቱ ዝርዝር ውስጥ ከባንኩና ከብድር መረጃ ድርጅቱ ጎን ተጽፎ የሚገኘው እርሱ ነው። ደንበኛው አምኖ ያስረከበው ወረቀት ከደንበኛው እጅ በወጣባት ሰዓት በሕግ ዐይን ሌላ ነገር ይሆናል። ባለሙያው ይህን ለደንበኛው ወረቀቱን ከመረከቡ በፊት ሊነግረው ይገባል፤ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይም መዝገብ ማከማቸት የለበትም። መጥሪያ በመጣ ጊዜም የደንበኛው ቀን እንዳያልፍበት የቀኑን ቍጥር መያዝ ይኖርበታል። በአሜሪካ ሕግ መጥሪያውን ለማሻር የሚሰጠው ጊዜ 20 ቀን ነው፤ ከ20 ቀን በኋላ የሚመጣ መልካም ክርክር የሚሰማው ዳኛ የለውም።